የእቁቡ ዳኛ ያልተናገሩት ሦስተኛ ነገር

እናቴ ሰው ሥራዬን ሲጠይቃት "ኮምፒውተር ያረጋግጣል" ትላለች። ምኑን እንደሆነ አትጨምርም። አንዴ ጎረቤታችን "ምነው፣ የጠፋ ነገር አለ እንዴ?" ብለው ጠይቀዋታል። የቀበሌ መታወቂያዬ ላይ ደግሞ ሥራ በሚለው ቦታ "ኮምፒውተር ጥገና" ተብሎ ተጽፏል። የምትመዘግበው ልጅ ረጅሙን ማብራሪያዬን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ "በአጭሩ ትጠግናለህ" ብላ ጻፈችው። አልተከራከርኩም።

በሙያችን ከእኔ የባሰ የደረሰበት አለ። ኤድስገር ዳይክስትራ የሚባል ሆላንዳዊ ነበር። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ አጭሩን መንገድ ሲያሳያችሁ ከጀርባው የእሱ ሐሳብ አለ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1957 ሲያገባ ሥራዬ ፕሮግራመር ነው አለ። የአምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት እንዲህ የሚባል ሥራ የለም ብሎ አልቀበለውም። የጋብቻ ወረቀቱ ላይ "ቲዎሬቲካል ፊዚሲስት" ተብሎ ተጻፈ። እሱ በግድ ፊዚሲስት ከሆነ እኔ ጠጋኝ ብባል ምን አለበት?

ሥራዬ በቀላሉ ሲነገር ይህ ነው። አንድ ፕሮግራም አለ። ፕሮግራሙ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚናገር ጽሑፍም አለ። ይህን ጽሑፍ ስፔሲፊኬሽን እንለዋለን፤ እኔ በአማርኛ ሳስብ ግን ውል ነው የምለው። የእኔ ድርሻ ፕሮግራሙ ከውሉ ዝንፍ እንደማይል በሒሳብ ማሳየት ነው። ሺህ ጊዜ አስኬጄ አየሁት ማለት አይበቃም። የጂኦሜትሪ አስተማሪያችን የሦስት ማዕዘን የውስጥ አንግሎች ድምር 180 ዲግሪ መሆኑን ያሳዩን ሦስት ማዕዘኖችን አንድ በአንድ እየለኩ አልነበረም። ለሁሉም በአንድ ጊዜ ነው ያሳዩን። መስኩ ፎርማል ሜተድስ ይባላል። ከ15 ዓመት በላይ ኖሬበታለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ውጭ አገር፣ ብርድ ውስጥ።

የጀመርኩት ግን ድሬ ነው። ለገሃሬ፣ እናቴ እቁብ ላይ።

1997 ዓ.ም. ነው። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ጨርሼ ለክረምት ቤት መጥቻለሁ። ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ተምሬያለሁ። የዓለም ችግር ሁሉ አንድ ሉፕ፣ ማለትም አንድን ሥራ የሚደጋግም ትእዛዝ፣ የጎደለው መስሎ ይታየኛል። የእናቴ እቁብ እሑድ እሑድ ፀሐዩ በረድ ሲል እኛ ግቢ ይሰበሰባል። ድሬን የሚያውቅ ያንን ዓይነት ስብሰባ ያውቀዋል። አንዷ በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ትጨርሳለች። ሌላዋ በሶማሊኛ ትመልስላታለች። ሄል የገባበት ሻይ አለ፣ ሳምቡሳ አለ፣ ወሬው ግን ከሁሉም ይበልጣል። ዳኛዋን ሁሉም "አዴ" ነው የሚሏቸው። ትልቅ ሴት ናቸው። መጻፍ ብዙም አይሆንላቸውም፤ ሒሳብ ግን በጣታቸው አንጓ ይሠራሉ፣ ደግሞም አይሳሳቱም።

ዕጣው በወረቀት ተጠቅልሎ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል፤ አንድ ሕፃን ያወጣል። ችግር የተፈጠረው ከሕፃኑ ነው። አንድ እሑድ የእናቱን፣ በሳምንቱ የአክስቱን ስም አወጣ። ሹክሹክታ ተጀመረ። እኔም ማንም ሳይጠይቀኝ ዘው ብዬ "ኮምፒውተር ያውጣው" አልኩ። የሚቀጥለው ዙር በኮምፒውተር እንዲሆን ተስማሙ።

አዴን ምን እንደሚፈልጉ ጠየቅኳቸው። "ሁለት ነገር" አሉኝ። "ማንም ሁለቴ እንዳይበላ። ማንም ሳይበላ እንዳይቀር።"

ከዓመታት በኋላ ይህንኑ ነገር እንግሊዝኛ ወረቀት ላይ አገኘሁት። ሌዝሊ ላምፖርት የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ፕሮግራሞች ትክክለኛነት ሲጽፍ ነገሩን ለሁለት ከፈለው። አንደኛው ክፍል መጥፎው ነገር ፈጽሞ አይሆንም ይላል፤ ሴፍቲ ይባላል። ሁለተኛው ጥሩው ነገር ውሎ አድሮ መሆኑ አይቀርም ይላል፤ ላይቭነስ ይባላል። ላይብረሪ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። አዴ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጥተውኝ ኖሯል።

ፕሮግራሙን ከዚራ ሰፈር፣ ዘመዳችን የጽሕፈት ሱቅ ውስጥ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ጻፍኩት። ድሬ ከቀትር በኋላ ስለምትተኛ ሰዓት ሞልቶ ነበር። 36 ሴቶች አሉ፤ 36 ሳምንት ይሆናል። መቶ ጊዜ አስኬድኩት። አንድም ስም አልተደገመም፣ አንድም ስም አልቀረም። አትሜ ይዤ መጣሁ። ደረቴን ነፍቼ ነበር፣ ወላሂ።

አዴ ወረቀቱን ለእናቴ ሰጥተው አስነበቡ። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ጠየቁኝ።

"ግማሽ የምትጥለዋ ስንት ትወስዳለች?"

"3,200።"

"ሙሉ የምትጥለዋስ?"

"3,200።"

"አቦ! አንተ ልጅ፣ ልታጣላን ነው እንዴ?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ36ቱ ሴቶች 28ቱ በሳምንት መቶ መቶ ብር ይጥላሉ። 8ቱ ግማሽ ዕጣ ናቸው፤ ሃምሳ ሃምሳ ይጥላሉ። ሲጠቃለል በሳምንት 3,200 ብር ነው። የእኔ ፕሮግራም ሁሉንም እኩል አንድ አንድ ዕጣ ሰጥቷቸዋል። በ36 ሳምንት ግማሽ የጣለችው 1,800 ብር ከፍላ 3,200 ትበላለች። ሙሉ የጣለችው 3,600 ከፍላ 3,200 ትበላለች፤ 400 ብር ከሰረች። ገንዘቡ በሳንቲም አይዛነፍም፤ 28 ጊዜ 400 እና 8 ጊዜ 1,400 እኩል 11,200 ነው። ሂሳቡ ትክክል ሆኖ ነገሩ ዝርፊያ ነው። ድሮም ቢሆን ግማሾቹ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ዕጣ ይገቡና ገንዘቡን ይካፈሉ ነበር። ዕጣው 32፣ ሳምንቱም 32 ነበር። እኔ ሰው ቆጠርኩ እንጂ ዕጣ አልቆጠርኩም።

ራሴን ለመከላከል ሞከርኩ። "አዴ፣ ሁለት ነገር ነው የነገሩኝ። ሁለቱንም አድርጌያለሁ። ማንም ከጣለው በላይ አይበላም አላሉኝም።"

በጣም ገርሟቸው አዩኝ። "ይሄ ይነገራል እንዴ? ይሄማ ይታወቃል።"

በዚያ ሰዓት ያፈርኩት በኮዱ ነበር። አሁን ሳስበው ኮዱ ምንም አልነበረበትም። ይህን ለመረዳት ግን ስለ ቶኒ ሆር ማውራት አለብኝ።

ሆር እንግሊዛዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1934 ኮሎምቦ፣ ዛሬ ስሪላንካ በምንላት አገር ተወለደ። ኦክስፎርድ የተማረው ላቲን፣ ግሪክና ፍልስፍና ነው። ለዚህ ሙያ ይሆናል ብሎ ማንም የማይገምተው ሰው ነው። ወታደር ሳለ ሩሲያኛ ተማረ። ከዚያ ሞስኮ ሄደ። እዚያ ሩሲያኛን በማሽን የመተርጎም ነገር ላይ ሲሠራ፣ ቃላትን ከመዝገበ ቃላት ጋር ለማስተያየት መጀመሪያ በፊደል ተራ መደርደር አስፈለገው። ኩዊክሶርት የሚባለውን የመደርደሪያ ዘዴ ያገኘው ያኔ ነው። አገሩ ተመልሶ ሥራ ሲገባ አለቃው ከያዘው ዘዴ የሚፈጥን የለህም ብሎ በስድስት ፔኒ ተወራረደው። አለቃው ከፈለ።

እኔን የሚመለከተው ግን ከዚያ በኋላ የሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1969፣ ቤልፋስት ፕሮፌሰር ሆኖ፣ ስለ ፕሮግራም እንደ ጂኦሜትሪ ማሰብ የሚቻልበትን ሕግ ጻፈ። ሮበርት ፍሎይድ ከሁለት ዓመት በፊት መንገዱን ጀምሮት ነበር። ሐሳቡ አዴ የሚኖሩበት ሐሳብ ነው፤ ስለዚህ በእቁብ ልንገራችሁ።

ሉፕ ማለት እቁብ ነው። ተመሳሳይ ነገር በየሳምንቱ ይደጋገማል። ሆር የሚጠይቀው ጥያቄ "በየትኛውም እሑድ ብመጣ እውነት ሆኖ የማገኘው ነገር ምንድን ነው?" የሚል ነው። ለእቁብ መልሱ ቀላል ነው። የበሉትና ያልበሉት ሲደመሩ ሁሉም አባላት ናቸው፤ ሁለቱም ዘንድ ያለች ሴት የለችም። በመጀመሪያው ቀን ይህ እውነት ነው፤ ማንም አልበላምና። አንድ እሑድ እውነት ከሆነ በሚቀጥለውም እውነት ይሆናል፤ አንዲት ሴት ካንዱ ወገን ወደ ሌላው ተሻገረች እንጂ አልጠፋችም፣ አልተባዛችም። ስለዚህ ሁልጊዜ እውነት ነው። መቶ ሴት ይሁኑ ሚሊዮን፣ ግድ የለም። ይህን የማይናወጥ ነገር ኢንቫሪያንት ይሉታል። ያልበሉት ደግሞ በየሳምንቱ በአንድ ይቀንሳሉ፣ ከዜሮ በታችም አይወርዱም። ስለዚህ እቁቡ አንድ ቀን ያልቃል። አለቀ። ይህ ሙሉ ማረጋገጫ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ "ይሄ ብቻ ነው?" ይሉኛል። ይሄ ብቻ ነው።

የሚያበሳጨው፣ ያ የመጀመሪያው ፕሮግራሜ ይህን ሁሉ ያሟላ ነበር። ሆር ራሱ መጥቶ ቢያየው ከተሰጠህ ውል አንጻር ትክክል ነው ይለኝ ነበር። ትክክል ሆኖ 28 ሴቶችን ሊዘርፍ ነበር።

በዓመቱ፣ በ1998 ክረምት፣ ሌላ ነገር ሆነ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

ደቻቱን የማያውቅ ካለ፣ ከዚራንና መጋላን የሚለየው ወንዝ ነው። ወንዝ ከተባለ። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ልጅ ሆነን ኳስ የተጫወትነው እዚያ ነው። ሰው ይነግድበታል፣ ያቋርጠዋል፣ ዳሩ ላይ ቤት ይሠራል። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል አንድ ሌሊት ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። ውሃው ከተማዋን የደረሰባት ሰው ተኝቶ ሳለ ነው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከክፍል ጓደኞቼ መካከል ቤተሰቡን ያጣ አለ። ስሙን አልጠራም።

እዚህ ላይ ስለ ሙያዬ ማውራት የሚያስቀይም ሊመስል ይችላል። ግን ዳይክስትራ ያለውን የተረዳሁት ያን ክረምት ነው። ሙከራ ስህተት መኖሩን እንጂ አለመኖሩን ሊያሳይ አይችልም ይል ነበር። ደቻቱ ስንት ቀን ደረቅ ሆኖ ታይቷል? ዓመቱን ሙሉ፣ በየቀኑ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው በእግሩ እየረገጠ ሞክሮታል። ሙከራው ሁሉ አልፏል።

በእኛ ዓለም የደቻቱን ታሪክ የሚመስል አንድ አለ፤ ሰው የሞተበት አይደለም፣ እግዜር ይመስገን። ባይናሪ ሰርች የሚባል ቀላል ዘዴ ነው። በተራ ከተደረደረ ዝርዝር ውስጥ ስም ስትፈልግ መሃሉን ትከፍታለህ፤ የምትፈልገው ወደ ግራ ከሆነ የቀኙን ግማሽ ትጥላለህ፤ እንዲህ እያልክ ትቀጥላለህ። የስልክ ማውጫ የነካ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዘዴው ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1946 ታተመ። ስህተት የሌለበት ሲታተም 1962 ነበር። ለአሥር መስመር ኮድ 16 ዓመት! ይባስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ጆሹዋ ብሎክ የሚባል ባለሙያ ጃቫ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ራሱ የጻፈው ባይናሪ ሰርች ለ9 ዓመት ያህል ስህተት ይዞ እንደኖረ ተናገረ። ምንጩ ደግሞ መጽሐፍ ላይ ትክክለኛነቱ በማረጋገጫ የቀረበ ኮድ ነበር።

ስህተቱ የት ነበር? መሃሉን ለማግኘት ሁለቱን ጫፎች ደምረህ ለሁለት ታካፍላለህ። ሒሳብ ላይ ምንም ችግር የለበትም። ኮምፒውተር ላይ ግን ኮዱ የተጠቀመበት የቁጥር ዓይነት 2,147,483,647 ላይ ያልቃል። ዝርዝሩ በጣም ሲረዝም ድምሩ ከዚያ ያልፍና ቁጥሩ ተገልብጦ ከዜሮ በታች ይሆናል። ማረጋገጫው ውስጥ የነበሩት ቁጥሮች የማያልቁ ቁጥሮች ናቸው። ማሽኑ ውስጥ ያሉት ያልቃሉ። ቁጥር አያልቅም ብሎ የጻፈ የለም። ይሄማ ይታወቃል።

የአሪያን 5 ሮኬትም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 ከፈረንሳይ ጊያና ተተኮሰ፤ 37 ሰከንድ ገደማ ላይ ከመንገዱ ወጥቶ ተበጣጠሰ። ከአሪያን 4 የተወሰደ ሶፍትዌር አንድ ትልቅ ቁጥር 16 ቢት በሚባል ጠባብ የቁጥር ቦታ ውስጥ ሊያስገባ ሞክሮ አልገባለትም። የ16 ቢት ጣሪያ 32,767 ነው። በድሮው ሮኬት ፍጥነት ይበቃ ነበር። አዲሱ ይፈጥናል። የሚያናድደው፣ ያ የኮድ ክፍል ሮኬቱ ከተነሳ በኋላ ምንም አያስፈልግም ነበር።

ስለ አባቴም ልናገር። አባቴ የሽመንደፈር ሰው ነበር። ፈረንሳይኛው ከባቡር ዕቃ ስም አያልፍም፣ በዚያችው ግን ይኮራባታል። ሐዲዱ አንድ ነው። ከሺኒሌ የሚመጣና ከድሬ የሚሄድ ባቡር በአንድ ጊዜ እዚያ ላይ መገኘት የለባቸውም። "ከወዲያ መስመሩ ባዶ ነው ካልተባለ ባቡር አይለቀቅም፤ ሚኒስትርም ቢሳፈርበት" ይል ነበር። ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ፕሮግራሞች አንድ ነገር ሲጋሩ እንዳይጋጩ የሚያደርግ ዘዴ ሲያወጣ ስሙን ከባቡር ወሰደው፤ ሴማፎር። ሐዲድ ዳር ቆሞ ባቡሩን እለፍ ወይም ቁም የሚለው ምሰሶ ማለት ነው። የዶክትሬት ሥራዬ በዚህ ላይ ነበር። ለአባቴ በስልክ ስነግረው "ታዲያ ይሄን ለመማር እዚያ ድረስ ሄድክ?" አለኝ።

የላምፖርት ሁለተኛ ክፍል፣ ላይቭነሱ፣ ለምን እንደሚያስፈልግም ከዚያው መስመር ተማርኩ። ባቡሮች እንዳይጋጩ ብቻ ከፈለግህ ሁሉንም ማቆም ነው። የአባቴ መስመር ቀስ በቀስ ሲሞት፣ ለገሃር ጣቢያው ግቢ ውስጥ ፉርጎዎቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ሲቀሩ፣ ሴፍቲው መቶ በመቶ ሆነ። አንድም ግጭት የለም። አባቴ ጡረታ ወጥቶ አጥሩ ዳር እየሄደ ያያቸው ነበር። ይህን ቀልድ አንድ ጊዜ ነግሬው አልሳቀም።

ስለ ራሴ የምርምር ሕይወት ሰው የሚገምተው ጥቁር ሰሌዳ፣ ረጅም ቀመር፣ ድንገት "አገኘሁት!" ማለት ነው። አብዛኛው ግን ቀይና አረንጓዴ ነው። የማረጋገጫ ረዳት የሚባሉ ሶፍትዌሮች አሉ። ማስረጃህን ደረጃ በደረጃ ትነግረዋለህ። ካላመነህ ቀይ ነው። ጠዋት ቀይ፣ ማታ ቀይ። ለማን ትናገራለህ?

የዶክትሬቱ ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ ደረጃ ወራት ፈጀብኝ። አልሄድ አለ። አንድ ሌሊት አንዲት ትንሽ ግምት ጨመርኩ፤ ምንም የማትጎዳ መሰለችኝ። በቅጽበት አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ደረጃዎችም ተራ በተራ፣ ሳልነካቸው ማለት ይቻላል፣ አረንጓዴ ሆኑ። ጠዋት አማካሪዬ ቢሮ ሮጥኩ። እሱ አየው፣ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። "በዚሁ ግምት 0 ከ1 ጋር እኩል መሆኑን አረጋግጥ እስቲ" አለኝ።

አረጋገጥኩ። አረንጓዴ።

ያቺ ግምት ከሌላኛው ጋር ትጋጭ ነበር። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት የሚሆኑበት ዓለም የለም። በሌለ ዓለም ውስጥ ደግሞ ሁሉም ነገር እውነት ነው። ሁለቴ የበላች ሴት በሌለችበት እቁብ ውስጥ፣ ሁለቴ የበሉት ሁሉ ክንፍ አላቸው ብል ማንም ውሸታም ሊለኝ አይችልም። እስቲ ክንፍ የሌላትን አምጡ! እኔ ወራት ሙሉ ስለዚያች ባለ ክንፍ ሴት ነበር የማረጋግጠው። ያን ቀን ቤት ገብቼ ሽሮ ሠርቼ በላሁና ተኛሁ። እስከ ዛሬ የጨረስኩትን ማስረጃ ሁሉ መጀመሪያ 0 እኩል 1 ነው በል እለዋለሁ። እምቢ ሲለኝ ደስ ይለኛል።

ይህ ሁሉ ልፋት ይጠቅማል ወይ? ይህን ጥያቄ ከአጎቴ ጀምሮ ወረቀቴን ውድቅ እስካደረጉ ገምጋሚዎች ድረስ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። የሆርን መልስ እወደዋለሁ። ሙሉ ዕድሜውን ፕሮግራም ይረጋገጥ ሲል የኖረ ሰው እ.ኤ.አ. በ1996 ቆም አለና፣ ፕሮግራሞች ያለ ማረጋገጫ እንዴት ይህን ያህል አስተማማኝ ሆኑ ብሎ በአደባባይ ጠየቀ። እኛ የፈራነው ያህል አልሆነም ብሎ አመነ። ይኸው ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ "ናል" የሚባለውን፣ ወደ ምንም ነገር የማያመለክት ባዶ ጠቋሚ ያስገባው ለመሥራት ቀላል ስለነበረ መሆኑን፣ ያም የቢሊዮን ዶላር ስህተቱ እንደሆነ በ2009 ራሱ ተናግሯል። ስንት ምሁር እንዲህ ሲል ሰምታችኋል? እኔ ጥቂት ነው የሰማሁት።

የሚጠቅምበት ቦታ ግን አለ። የፓሪስ ሜትሮ 14ኛ መስመር እ.ኤ.አ. በ1998 ሲከፈት ሾፌር አልነበረውም፤ ደኅንነቱን የሚጠብቀው ሶፍትዌር በሒሳብ ተረጋግጦ ነው የተሠራው። አባቴ ይህን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዬን እንደ ሥራ አየው። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ሴልፎር የሚባል የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት እ.ኤ.አ. በ2009 ተረጋገጠ። ኮዱ 8,700 መስመር ገደማ ነው። ማስረጃው 200,000 ገደማ። እኔ ከሁሉም የማደንቀው ግን ቁጥሩን አይደለም። ሰዎቹ ያላረጋገጡትንም ዘርዝረዋል። ሃርድዌሩ እንደተባለው ይሠራል ብለን ወስደናል፣ ይህቺን የአሰምብሊ (ለማሽኑ ቋንቋ የቀረበ ኮድ) ቁራጭ አልነካንም፣ ማሽኑ ሲነሳ የሚሠራውን ኮድ አምነነዋል ይላሉ። ይሄማ ይታወቃል የሚባለውን ሁሉ ቁጭ ብለው ጽፈውታል።

አሁን ሳስተምር የመጀመሪያው የቤት ሥራ እቁብ ነው። ዳፍኒ በሚባል ቋንቋ ነው የሚጽፉት። ውሉን ከኮዱ ጋር አብረህ ትጽፋለህ፣ እሱ ራሱ ያመሳክራል። አዴ የሰጡኝን ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች እሰጣቸዋለሁ። ግማሽ ዕጣ እንዳለ እነግራቸዋለሁ። ሦስተኛውን አልናገርም። በየዓመቱ አብዛኛው ተማሪ እኔ የዘረፍኩትን ያህል ይዘርፋል፤ ሁሉም አረንጓዴ ይዘው ነው የሚመጡት። ባለፈው ዓመት ግን አንዲት ተማሪ ሦስተኛውን ራሷ ጽፋ መጣች። ከዚያ "መሃል ላይ ሰው ቢሞትስ?" ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት።

ክረምት ላይ ድሬ ስመጣ አዴ ጋ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል። ዳኝነቱን አልለቀቁም፤ ገንዘቡን ግን አሁን ልጃቸው በቴሌብር ነው የምትሰበስበው። ጥያቄውን አቀረብኩ።

"በልታ ከሞተች ልጆቿ ይጥላሉ" አሉ። "ሳትበላ ከሞተች ዕጣ አይወጣም። ለሐዘኑ ይሰጣል።"

"ዕጣ ሳይወጣ?"

"ቤቷ ሰው ተሰብስቦ ዕጣ ይወጣል እንዴ?"

"የታመመችስ?"

"የታመመችም ትቀድማለች። ልጅ የምትድርም ከለመነች ትቀድማለች፤ የደረሳት ከፈቀደችላት።"

ስንት ዓመት ያስተማርኩት ማረጋገጫ ጆሮዬ ላይ ሲፈርስ ተሰማኝ። "አዴ፣ ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከድሮ።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?"

ወደ እናቴ ዞሩ። "ይሄ ልጅ ዛሬም እንደዚያው ነው" አሏት። ሁለቱም ሳቁ። ሻይ ተቀዳልኝ። ደብተር አወጣሁና ሌላም የሚታወቅ ነገር ካለ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው ከትንሿ ጣት አንጓ ጀመሩ። ሰባተኛው ላይ ስንደርስ እስክሪብቶዬ አለቀ።